ጠርዝ፣ እጥፋት፣ ቅምቅማት፦ የሳቲን ቀሚስን ርዝመት ስለ ማሳጠር የሚያገለግሉ ቃላት

የልብስ ስፌት ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች ከሚቸገሩባቸው ነገሮች አንዱ የቀሚስ የታችኛው ዳር ስም ነው። ይኸው ዳር ጠርዝ፣ ጫፍ፣ ዘርፍ፣ ጥለት፣ እጥፋት፣ ቅምቅማት እየተባለ ሳይለይ ይጻፋል። ጨርቁ ጥጥ ሲሆን ከዚህ የሚመጣው ስሕተት በአብዛኛው ይታረማል፤ ሳቲን ሲሆን ግን መታረሙ ያስቸግራል።

ምክንያቱም በሳቲን አሠራር ላይ ነው። ሳቲን አንዳንድ ጊዜ «ሐር» ተብሎ ቢተረጐምም፣ ሐር የክር ዓይነት ሲሆን ሳቲን የአሸማመን ስልት ነው፤ ከሐርም ከፖሊስተርም ይሠራል። በሸማኔ ቃል እንፍታው ብንል፣ እያንዳንዱ የድር ክር ቢያንስ በ4 ማግ ላይ ሳይያዝ ካለፈ በኋላ በ1 ማግ ሥር ይገባል። ፊቱ የሚያብለጨልጨው፣ የተቆረጠውም ዳር ፈጥኖ የሚተረተረው ከዚሁ የተነሣ ነው። መርፌ የወጋውም ስፍራ ብዙ ጊዜ ምልክቱ አይጠፋም።

እንግዲህ በወላይታ ሶዶ የምትኖር አንዲት ሴት ለሠርግ የምትለብሰውን የሳቲን ቀሚስ በቤቷ ልታሳጥር ተነሣች እንበል። መመሪያው «ጥለቱን እጠፊ» ቢላት ምን ትረዳለች? ጥለት በመሠረቱ በነጠላ ዳር ከሸማው ጋር አብሮ የሚሸመን ጌጥ ነው፤ የወላይታ ዱንጉዛም ቀዩ፣ ጥቁሩና ቢጫው ከሽመናው ጋር ይወጣል። የሳቲን ቀሚስ ይህ የለውም። «ዘርፍ»ም ከልብስ ዳር የሚንጠለጠል የክር ጌጥ ስም ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ «የሥራ ዘርፍ» በሚለው ፍች ስለ ተያዘ አንባቢን ያሻማል።

ስለዚህ የሚከተለው ልዩነት በመዝገበ ቃላት እንዲጠበቅ እናሳስባለን፦

1ኛ. ጠርዝ፦ ጨርቁ የሚያበቃበት፣ ገና ያልታጠፈ ዳር።

2ኛ. እጥፋት፦ ከጠርዙ ወደ ውስጥ የሚመለሰው የጨርቅ ክፍል።

3ኛ. ሽልል፦ እጥፋቱን ለጊዜው የሚይዝ፣ በኋላ የሚነቀል የላላ ስፌት። ግሱ «ሸለለ» ከፉከራው «ሸለለ» ጋር በድምፅ አንድ ስለሆነ በመዝገቡ ለየብቻ ይቁም።

4ኛ. ቅምቅማት፦ እጥፋቱን ለዘለቄታው የሚይዝ ስፌት።

ቃላቱ ሲለዩ የሥራው ቅደም ተከተልም ይለያል። ቀሚሱ አንድ ቀን ተሰቅሎ ይቆያል። ለባሿ በሠርጉ ቀን የምታደርገውን ጫማ አድርጋ ትቆማለች፤ ልኩንም ሌላ ሰው ከወለል ወደ ላይ በዙሪያው ይወስዳል። ስፒል የሚሰካው በኋላ በሚደበቀው ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ ይሸለላል፤ ተለብሶም ይታያል፤ መቀስ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ጠርዙ እንዳይተረተር ይዘመዘማል፤ እጥፋቱ ይቀመቀማል፤ ሽልሉ ይነቀላል፤ በመጨረሻም በውስጥ በኩል፣ ጨርቅ ተደርቦ፣ ለዘብ ባለ ካውያ ይተኰሳል። ገበሩ፣ ማለትም ፎደራው፣ ለብቻው ይታጠራል። «ማስረዘም» የዚህ ግልባጭ አይደለም፤ የቀድሞው ቅምቅማት ሲፈታ የመርፌው ቀዳዳና የካውያው መስመር ይቀራሉና። ተርጓሚ ሁለቱን «ማስተካከል» በሚል ቃል ቢያጠቃልላቸው ጉዳቱ በአንባቢዋ ልብስ ላይ ይደርሳል።

እንዲህ ያለው ጽሑፍ ወደ ወላይታ ቋንቋ ሲተላለፍ ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በማዋሐድ «ወጋጎዳ» ተብለው የተዘጋጁት የትምህርት መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1998 በሶዶ ብርቱ ተቃውሞ አስነሥተው፣ የሰው ሕይወትም ጠፍቶ፣ ከአገልግሎት ወጥተዋል። የልብስ ስፌት ቃል እንዲህ ያለ ነገር ያስነሣል ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን ተናጋሪው ያልተጠየቀበት ቃል እንደማይጸድቅ ትምህርቱ አንድ ነው። ስለዚህ ከላይ ያሉት አራቱ የአማርኛ ስያሜዎች ቃል በቃል እንዲተረጐሙ ሳይሆን፣ ፍቻቸው ተይዞ በሶዶ ልብስ ሰፊዎችና ሸማኔዎች ዘንድ ስማቸው እንዲጠየቅ እንመክራለን።