ድምፅ ዳታ ሲሆን

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ግርጌ የሚኖሩ አንዲት ጎረቤቴ ፊደል አልቆጠሩም። ልጃቸው ቤሩት በሰው ቤት ትሠራለች። ማታ ማታ ስልካቸውን አፋቸው ድረስ ያስጠጉና የማይክሮፎኗን ምልክት ጫን አድርገው ይይዛሉ። «ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ? መድኃኒቴን ወስጃለሁ፤ አታስቢ።» ጣታቸውን ሲያነሡ ድምፁ ይሄዳል። ልጅት አሠሪዎቿ ሲተኙ ጠብቃ ትሰማዋለች። ጥሪ እንዳይባል የሚያነሣው የለም፤ ደብዳቤ እንዳይባል አልተጻፈም።

ይህ እንዴት እንደተቻለ ለማየት ከዱሮው ስልክ እንጀምር። አፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባ ከከተሙ በኋላ ከሐረር ያዘረጉት የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። በዱሮው ስልክ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ መስመሩ የእነሱ ብቻ ነው፤ ዝም ቢሉም አይለቀቅም። በኢንተርኔት ግን ድምፅ ወደ ቁጥር ተለውጦ ይቆራረሳል፤ አንዷ ቁራሽ አብዛኛውን ጊዜ 20 ሚሊሰከንድ ብትሆን ነው። እያንዳንዷ የተቀባዩን አድራሻ ይዛ ትሄድና እዚያ በተራዋ ትገጠማለች። የዘገየች ካለች ድምፁ ይቆራረጣል፤ «ኔትወርኩ አስቸገረ» የምንለው ያኔ ነው።

ድምፅ እንዲህ ዳታ ከሆነ ወዲያ እንደ ፎቶ ይቀመጣል፣ ይላካል፣ በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰው ይደርሳል። ስካይፕ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀምር ብዙዎች ያዩት ርካሽ ስልክነቱን ነበር። ኢሞ፣ ዋትሳፕና ቴሌግራም ሲመጡ ግን ባሕር ማዶ ያለ ወንድም ሠርጉን በቪዲዮ ይታደም፣ የተበታተነ ቤተሰብም በአንድ ግሩፕ ይሰባሰብ ጀመር።

እኛ ዘንድ መንገዱ ጠባብ ነበር። አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን ከ3 እስከ 8 ዓመት በሚያስቀጣ ወንጀልነት ደነገገ። መንግሥት በግል በስካይፕ መነጋገር አልተከለከለም ቢልም፣ በዘርፉ አዲስ ነገር ሊሞክር የሚችል ወጣት ግን ፈራ ብዬ አምናለሁ። የ2011ዱ የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ለውድድር በር ከፈተ፤ ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ።

ጆሮን ያስቀደመ ሥራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ገበሬው በተራ ስልኩ 8028 ደውሎ፣ ቁጥር እየተጫነ በቋንቋው የተቀዳ የእርሻ ምክር ይሰማል። ጎረቤቴ ግን ዛሬም የልጃቸውን ስም ስልኩ ላይ ፈልጎ እንዲከፍትላቸው የሰፈር ልጅ ይጠራሉ፤ ስክሪኑ ላይ ስሙ ሁሉ በጽሑፍ ነውና። አፕ የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ የልጃቸውን ስም ሲጠሩ ከእሷ ጋር የሚያገናኛቸው፣ በአማርኛ የሚሰማና የሚናገር አንድ ሥሩላቸው።