ከማማ ላይ የሚታይ ማሳ፦ የኢናካዳቴ የሩዝ ሥዕሎች እና የእይታ ነጥብ

ኢናካዳቴ በሰሜን ጃፓን፣ በአኦሞሪ ክፍለ ሀገር የምትገኝ የገበሬዎች መንደር ናት። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዋሪዎቿ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን የሩዝ ዝርያዎች በአንድ ማሳ ላይ አሰባጥረው በመትከል ግዙፍ ሥዕሎችን ሲያበቅሉ ቆይተዋል። ይህ ጥበብ «ታንቦ አርት» ይባላል፤ ታንቦ በጃፓንኛ የሩዝ ማሳ ማለት ነው። ስለዚህ ጥበብ ሲነገር ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚነሳው የቀለሞቹ ውበት ነው። ይሁን እንጂ ሥዕሉን ሥዕል የሚያደርገው ከቀለሙ ይልቅ የሚታይበት ቦታ ነው። ማሳው ዳር ለቆመ ሰው የሚታየው ሩዝ ብቻ ነው።

የአጀማመሩ ምክንያት አርኪዮሎጂያዊ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. በመንደሩ ውስጥ በታሬያናጊ የተካሄደ ቁፋሮ 2,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸውን የሩዝ ማሳዎች አስገኘ። በዚያ ጥንታዊ ዘመን የሩዝ እርሻ እስከዚህ ሰሜናዊ ቀዝቃዛ ምድር አልደረሰም የሚለው አስተሳሰብም በዚሁ ግኝት ተሻረ። መንደሯ ይህን ቅርሷን ለማስተዋወቅ ስትነሳ የመረጠችው ሩዙን ራሱን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ዓመታት የተተከለው በሦስት ቀለም የተሠራ የኢዋኪ ተራራ ምስል ብቻ ነው።

ቀለሙ የሚገኘው ከዝርያ ልዩነት እንጂ ከማቅለሚያ አይደለም። መደቡ የአካባቢው ገበሬ ለምግብ የሚያመርተው አረንጓዴ ሩዝ ነው። ጥቁር መስሎ የሚታየው መስመር አንቶሲያኒን የተባለው ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር በቅጠሉ ውስጥ የበዛበት ሐምራዊ ሩዝ ሲሆን፣ ቢጫው ደግሞ ሌላ ጥንታዊ ዝርያ ነው። በኋላ ቀይና ነጭን የመሳሰሉ ተጨመሩ። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ሥዕሉ በሚገባ ይደምቃል፤ ከዚያ በኋላ አዝመራው ሲበስል ቀለሙም እየተለወጠ ይሄዳል።

የእይታው ችግር ጎልቶ የወጣው በ2003 እ.ኤ.አ. ሞና ሊዛ በተተከለችበት ዓመት ነው። የመንደሩ አስተዳደር ሕንፃ በጃፓን ጥንታዊ ግንብ አምሳል የተሠራ ሲሆን፣ ተመልካች ማሳውን የሚያየው ከዚሁ ሕንፃ ሰገነት ላይ ቁልቁል በሰያፍ ነው። ከሰያፍ ሲታይ ሩቁ የማሳው ክፍል ይጠባል፤ ቅርቡ ይሰፋል። ንድፉ ይህን ሳያገናዝብ በቀጥታ መሬት ላይ በመዘርጋቱ ሞና ሊዛ ራሷ አንሶ፣ የታችኛው አካሏ ከልክ በላይ ሰፍቶ ታየ። ከዚያ ወዲህ ንድፉ በኮምፒዩተር እየተሰላ አስቀድሞ እንዲዛባ ይደረጋል፤ ከሰገነቱ የራቀው ክፍል ይለጠጣል፤ የቀረበው ይጨመቃል። በአውሮፓ ሥነ ጥበብ ሃንስ ሆልባይን በ1533 እ.ኤ.አ. «አምባሳደሮቹ» በተሰኘው ሥዕሉ ግርጌ ያለውን የራስ ቅል የሣለው በዚሁ መርሕ ነው፤ የራስ ቅሉ ቅርጹን የሚይዘው ከአንድ ጎን ለሚያየው ብቻ ነው። የኢናካዳቴ ሥዕልም በትክክል አናቱ ላይ ሆኖ ለሚመለከት የተንጋደደ ነው።

የተሰላው ንድፍ ወደ መሬት የሚወርደው በቅየሳ ነው። ለእያንዳንዱ የምስሉ ጠርዝ ነጥብ ይለካል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ችካሎች ይተከላሉ፤ ክልሉም በገመድ ይለያል። በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በጎ ፈቃደኞች በየክልሉ የተመደበውን ዝርያ ችግኝ ጭቃው ውስጥ ገብተው በእጅ ይተክላሉ። ተካዮቹ ጎንብሰው የሚሠሩትን ምስል በዚያች ሰዓት ማየት አይችሉም። አጨዳውም በመከር በብዙ ሰው እጅ ይከናወናል።

አንድ ማሳ ይህን ያህል ጉልበት ለምስል ሊሰጥ የቻለበት ኢኮኖሚያዊ ዳራ መዘንጋት የለበትም። በጃፓን የነፍስ ወከፍ የሩዝ ፍጆታ በ1962 እ.ኤ.አ. 118 ኪሎ ግራም ገደማ ደርሶ ከነበረበት በግማሽ ያህል ቀንሷል፤ መንግሥትም ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ለአሥርት ዓመታት ገበሬው የሩዝ ማሳውን እንዲቀንስ ሲያበረታታ ኖሯል። በዚህ ሁኔታ ከሩዙ ይልቅ የሩዙ እይታ ገቢ የሚያስገኝ ሆነ። ጎብኚዎች በዝተው በዓመት ከ300,000 ያለፉበት ጊዜም ነበር።

ይህ ገቢ በማሳው ላይ የማዘዝ መብት የማን ነው የሚል ክርክር አስነሣ። በ2008 እ.ኤ.አ. በሥዕሉ ግርጌ የአንድ አየር መንገድና የአንድ ጋዜጣ ምልክት ለማስታወቂያ ተተከለ። ከመሬቱ ባለቤቶች ወገን ተቃውሞ በመነሣቱ ማስታወቂያውን የሠሩት ችግኞች ተነቀሉ። ነገሩ ቀላል የአስተዳደር ውዝግብ ተደርጎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ሥዕሉን ከሚያበቅሉት ኃይሎች መካከል የመሬቱ ባለቤት አንዱ መሆኑን ከሁሉ ይልቅ የገለጠው ይኸው አጋጣሚ ነው። ምልክቶቹ ከሰገነቱ ላይ ሲታዩ የምስሉ ጥቂት ክፍል ነበሩ። ከመሬት ሲታዩ ግን ለምግብ የሚሆነው ተክል በሌላ ሰው ማሳ ላይ የንግድ ሰሌዳ ሆኖ መብቀሉ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የራሱ መመልከቻ ያለው ሁለተኛ ማሳ ተከፈተ፤ በተከታዩም ዓመት በአቅራቢያው የባቡር ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ጣቢያው የተሰየመው «ታንቦ አርት» ተብሎ ነው።