ከደብረ አስቦ እስከ ጎጀብ ማዶ

ቦንጋም ይሁን ሚዛን ተፈሪ፣ ስለ ደቡብ ምዕራቡ ክርስትና ሲወራ ታሪኩ ብዙውን ጊዜ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቻ ይጀምራል። በ1889 ዓ.ም. ጦሩ ከፋን ወረረ፤ ወራት ሳይርቁ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ተያዙ፤ ከሠራዊቱ ኋላ ታቦትና ካህን ገባ። ይህ ሆኗል። ነገር ግን ከዚያ አምስት መቶ ዓመት የቀደመ ምዕራፍ አለ፤ መነሻውም ሰሜን ሸዋ፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞአ ተምረው፣ በደብረ ዳሞም ቆይተው ወደ ሸዋ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1284 ገደማ ደብረ አስቦ ላይ የመሠረቱት ገዳም ያኔ ጥቂት መናንያን በዋሻ የሚጾሙበትና ቆመው የሚጸልዩበት ስፍራ ነበር። ደብረ ሊባኖስ የሚለውን ስም ያወጡለት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው።

ገዳሙ የሰፋው በሦስተኛው አበምኔት በአባ ፊልጶስ ዘመን ነው፤ የሰፋውም በሰላም አይደለም። ፊልጶስ ዐፄ ዓምደ ጽዮንን በጋብቻቸው ምክንያት ፊት ለፊት ገሠጹ። በመነኮሳቱ ላይ ግርፋትና ስደት ወረደ። የተሰደዱትም በየደረሱበት አስተማሩ። በዚያው ዘመን ከግብፅ የመጡት ጳጳስ አቡነ ያዕቆብ ሸዋንና ከሸዋ ወዲያ ያለውን አገር ለአሥራ ሁለት የገዳሙ መነኮሳት አከፋፈሉ፤ ንቡራነ እድ ተባሉ። አድኃኒ ለዳሞት፣ ማትያስ ለፈጠጋር፣ ቀውስጦስ ለመሐግል ተመደቡ። ለእናርያ የተሰጠው ዮሴፍ ነው።

እናርያ ዛሬ ሊሙ የምንለው አካባቢ ነው፤ በወርቁ የታወቀ፣ ከጎጀብ ወንዝ በስተሰሜን ያለ ግዛት። መንገዱን የንጉሡ ጦር አስቀድሞ እንደ ከፈተው መደበቅ አይገባም፤ ዓምደ ጽዮን ዳሞትን ያስገበሩት እ.ኤ.አ. በ1316/17 ነው። ሆኖም ንጉሡ ባሳደዱት ገዳም ልጅ የተሰበከውን ወንጌል የንጉሥ ዘመቻ ብቻ ማለት፣ እኔ እንደማምነው፣ መናንያኑን መበደል ነው።

የዮሴፍ ዘር ቶሎ አላፈራም። የእናርያው ገዥ በዳንቾ የተጠመቀው እ.ኤ.አ. በ1588፣ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ጊዜ ነው። ከዚያ የኦሮሞ መስፋፋት መጣ፤ የእናርያ መኳንንት ከነሃይማኖታቸው ጎጀብን ተሻግረው ከፋ ገቡ። ከሰሜኑ ቤተ ክህነት ጋር የነበረው ግንኙነት ሳሳ፣ ካህን ጠፋ። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843፣ የካቶሊኩ ሚሲዮናዊ አባ ማስያስ ደግሞ በ1859 ከፋ ሲደርሱ የቀድሞውን ክርስትና ርዝራዥ አገኙ። ሕዝቡ ያለ ጳጳስና ያለ መጽሐፍ፣ ከነባሩ እምነቱ ጋር አዋህዶ አቆይቶታል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ይህ ነው።

እናት ገዳሙም መከራ አላጣውም። እ.ኤ.አ. በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር አቃጠለው። ግንቦት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጻድቁ በተክለ ሃይማኖት በዓል የተሰበሰቡትን የኢጣሊያው ጄኔራል ማሌቲ ከበባቸው፤ በማግስቱ ላጋ ወልዴ ላይ ተረሸኑ። የኢጣሊያው አገረ ገዥ ግራዚያኒ ለሮማ ያስታወቀው የሟች ቁጥር 449 ነው፤ የኋላ ጥናት ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሰዋል።

የሸዋው ወገን ታሪክ በገድል በብራና ተጽፏል። የጎጀብ ማዶው ግን ባመዛኙ በከፋ ሽማግሌዎች አንደበት ያለ ነው። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም አለ። የጎሳ ታሪክ፣ የድሮ ቤተ ክርስቲያን ቦታና የበዓል ስም የሚያውቁ አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ሊጠየቁና ቃላቸው ሊቀዳ ይገባል፤ ሥራው በዚህ ዓመት ቢጀመር እንኳ ዘግይቷል።