ያውቁ ኖሯል? የመጀመሪያው የመኪና መሮጫ
ለመኪና እሽቅድምድም ተብሎ በዓለም መጀመሪያ የተሠራው መም በእንግሊዝ፣ በዌይብሪጅ ከተማ አጠገብ የሚገኘው ብሩክላንድስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ተከፈተ፤ ውድድሩ በ1939 ቆመ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው።

መኪኖች ፍጥነት ሳይቀንሱ እንዲዞሩ የኮንክሪት ኩርባዎቹ ወደ 9 ሜትር ገደማ ሽቅብ ተገንብተዋል። ጎብኚው የቀረውን ተዳፋት በእግሩ ሲወጣ የዚያን ዘመን አሽከርካሪዎች ድፍረት ከማንኛውም ጽሑፍ በላይ ይገባዋል።

በሙዚየሙ ካሉት መኪኖች ሁሉ ናፒየር ሬይልተን በተባለው መኪና ፊት ረዘም አድርጎ መቆም ይገባል። ባለ 24 ሊትር የአውሮፕላን ሞተር ተገጥሞለት፣ ፍሬኑ ግን በኋላ ጎማዎቹ ላይ ብቻ ነው! አሽከርካሪው ጆን ኮብ በ1935 በዚሁ መኪና፣ በሰዓት 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት መሙን ዞሮ ያስመዘገበውን ክብረ ወሰን ማንም አልሰበረውም።