ቀይ ቀበሮን በካሜራ ፍለጋ

የልጅ ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ካሜራ ከተገዛለት ወዲህ የኮልፌን ድመትና እርግብ አንስቶ ጨርሶ "ቀይ ቀበሮ ካላነሳሁ" ብሎ ቤቱን አመሰው። ከወላጆቹ ጋር ወደ ባሌ ልንነሳ ስንል ደግሞ ውሻችንን ካልወሰድን አለ። አይሆንም አልኩት። እስከ አሰላ ድረስ አኮረፈኝ።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጽሕፈት ቤቱ ባለበት ዲንሾ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ ከጥዱና ከኮሶው ሥር ሲግጡ በቅርብ ይታያሉ። ፎቶ ማንሳት ማለዳ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ያነሳቸው ሁሉ ነጭ ሆነው ቀሩ።

በማግስቱ ከጎባ ወደ ሳነቴ ወጣን። መኪናው በአጭር ጊዜ ከ4,000 ሜትር በላይ ያደርሳል፤ አዲስ አበባ እንኳ 2,400 አካባቢ ናት። እኔ የደም ግፊት መድኃኒት ስለምወስድ አስቀድሜ ሐኪሜን አማክሬያለሁ፤ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባችሁም እንዲሁ አድርጉ። ቀላል ራስ ምታት ያጋጥማል። ሰው ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው፣ ከተንገዳገደ ወይም ከቀባጠረ ግን "ትንሽ ይረፍ" አይባልም፤ ወዲያው ይዞት መውረድ ነው።

ከጅብራው መካከል ቀበሮዋን አየናት። የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮዋን ቀስራ ቆማለች። ልጁ እንድትቀርብለት ዳቦ ሊወረውር ሲል አስጎብኚው እጁን ያዘው። "ሰው ከለመደች መንገድ ዳር ትውላለች፤ መኪና ይገጫታል" አለው።

ያን ጊዜ የውሻውን ነገር አስረዳሁት። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፤ የቀረውም ከ500 አይበልጥም ተብሎ ይገመታል፤ ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 ከውሻ የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷል። "ሐኪም አያድናቸውም?" አለኝ። በሥራ ዘመኔ ውሻ የነከሰው አንድ ልጅ ዘግይተው አምጥተውልን ነበር። ውኃ ሲያይ ይንቀጠቀጣል። ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ያህል አጥበው፣ በዚያው ቀን ለክትባት ቢያመጡት ኖሮ ይተርፍ ነበር፤ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ግን የምናደርግለት አልነበረም። ይህን ሁሉ ለልጁ አልነገርኩትም። "አያድናቸውም" ብቻ አልኩት።

በደረቱ ተኝቶ ጠበቃት። ስትዘል አነሳት፤ የወጣለት ጅራቷና ግማሽ ጅብራ ነው። ሳሎናችን ተሰቅሏል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ "እማማ፣ የእኛ ውሻ ተከትቧል?" አለኝ። "አዎ" አልኩ። ቤት ገብቼ ካርዱን ፈልጌ ሳየው ጊዜው ካለፈ ስምንት ወር ሆኖታል። በነጋታው ውሻውን መሃል አድርገን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድን።