ከእምኩሉ የወጣው የንባብ መጽሐፍ

ከምጽዋ ወደብ ጥቂት ራቅ ብሎ እምኩሉ የሚባል ስፍራ አለ። በቀድሞ ዘመን የደሴቲቱ ነዋሪ የሚጠጣው ውኃ የሚቀዳው ከዚሁ ስፍራ ጕድጓዶች ነበር፤ ባለጸጎቹ ነጋዴዎችም ከባሕሩ ወበቅ ሸሽተው የሚያርፉት እዚያው ነበር። ይሁን እንጂ እምኩሉ ሊታወስ የሚገባው በውኃው ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. የኦሮሞ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማንበብን እንዲማሩ የተዘጋጀ መጽሐፍ የታተመው በዚሁ ስፍራ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።)

የኦሮሞ ልጆች ከአገራቸው ይህን ያህል ርቀው በባሕር ዳር እንዴት ተገኙ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ አሳዛኝ ነው። ምጽዋ በዚያ ዘመን የዝሆን ጥርስና የቡና ብቻ ሳይሆን የሰውም መሸጫ በር ነበረች። በኢሉባቦር በ1856 ዓ.ም. ገደማ የተወለደው ሂካ የሚባል ልጅ ከእናቱ ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ዓ.ም. የፈረንሳይ ቈንስል ምክትል የነበሩት ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጡትና የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ባቋቋመው ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 ዓ.ም. ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ፤ ይኸውም በኋላ ኦነሲሞስ ነሲብ ተብሎ የታወቀው ነው። ሂካ ማለት በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነውና፣ ወላጆቹ ያወጡለት ስም የዕድሜ ልክ ሥራውን አስቀድሞ የተናገረ ይመስላል።

ኦነሲሞስ በስዊድን አገር ተምሮ ከተመለሰ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመረ። ነገር ግን አንድ ብርቱ ችግር ገጠመው። ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ስለሆነ፣ በአፉ የነበረው ቋንቋ የልጅ ቋንቋ ነበር። የሽማግሌዎችን ንግግር፣ የእርሻና የከብት ርቢን ቃል፣ የምሳሌንና የተረትን ምሥጢር ጠግቦ ለመስማት ጊዜ አላገኘም። ሰው ንግግሩን ከተሰረቀ በኋላ የሌላውን አገር ትምህርት ምንም ያህል ቢቀስም የጐደለውን ሊሞላለት እንደማይችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህን ጕድለት የሞላችው በትምህርት ቤቱ ያደገች አንዲት ልጃገረድ ናት። አስቴር ጋኖ ትባላለች። እርስዋም እንደ ኦነሲሞስ ለባርነት ተሽጣ፣ ወደ ዐረብ አገር በምትሻገር መርከብ ላይ ሳለች በ1886 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች መርከቢቱን ይዘው ነጻ ካወጧቸው መካከል ነበረች። መምህራኑ ለቋንቋዋ ያላትን ጥልቅ ስሜት ባስተዋሉ ጊዜ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ አደረጓት። ከዚህም ሌላ በቃል ሲነገሩ የቈዩትን ዘፈኖች፣ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና እንቈቅልሾች እያስታወሰች 500 ያህሉን ጻፈች። ከነዚህ አንዳንዶቹ ከኦነሲሞስ ጋራ ባዘጋጀችው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። መጽሐፉም በግእዝ ፊደል ተጽፎ «ጀልቀበ በርሲሳ» ተባለ፤ የትምህርት መጀመሪያ እንደ ማለት ነው። አዲስ ኪዳን በ1893 ዓ.ም. በእምኩሉ፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ዓ.ም. በስዊስ አገር ታተመ።

የዚህን የንባብ መጽሐፍ ዋጋ ለመመዘን የቀረውን የትምህርት ሥርዓት ማሰብ ያስፈልጋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደል ቈጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ፣ ዳዊት ይደግማል፤ በቁርኣን ቤትም ልጁ በሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን ይቀራል። ሁለቱም ብዙ ሊቃውንትን ያፈሩ፣ የተከበሩ ቤቶች ናቸው። ነገር ግን በሁለቱም ልጁ በመጀመሪያ የሚያነበው ቋንቋ እናቱ የምታነጋግረው ቋንቋ አይደለም፤ ትርጓሜውን የሚያገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በእምኩሉ መጽሐፍ ግን ልጁ ፊደሉን እንደ ለየ ወዲያው የሚያነበው አያቱ በምድጃ ዳር ያጫወተችውን ተረት ነበር። ስለዚህ ማንበብና ማስተዋል በአንድ ቀን ተገናኙ።

በ1904 ዓ.ም. ኦነሲሞስና አስቴር መጽሐፉን ይዘው ወደ ወለጋ ገቡ። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው። ሆኖም ኦሮምኛ የማይሰሙ ካህናት ስለ ከሰሱት፣ ኦነሲሞስ በ1906 ዓ.ም. በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ፤ አቡኑም እንዲጋዝ ፈረዱ። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው፣ እንዳይሰብክ አዝዘው፣ ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ፈቀዱለት። እርሱም በትምህርት ቤቱ ሥራ ተወስኖ ብዙ ዓመት አስተማረ። በ1931 ዓ.ም. በነቀምቴ ዐረፈ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ለዚህ ዐይነቱ ትምህርት የተመቸ አልነበረም። በ1944 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ በመላው ኢትዮጵያ የማስተማሪያው ቋንቋ በጠቅላላው አማርኛ እንዲሆን ወሰነ። በባሕሩ ዳር አገርም ነገሩ ከዚህ የተለየ አልነበረም። በኢጣሊያ ዘመን የአገሩ ተወላጅ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ተወስኖ፣ የሚማረውም የገዥውን ቋንቋና የገዥውን ታላቅነት ነበር። የ1952ቱ ሕገ መንግሥት ትግርኛንና ዐረብኛን የኤርትራ የሥራ ቋንቋዎች ቢያደርግም፣ ፌዴሬሽኑ በ1962 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላ አማርኛ በትምህርት ቤት ቦታቸውን ያዘ። በኢትዮጵያ በ1979 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተማረ፤ የ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲም ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። ስለዚህ ኦነሲሞስና አስቴር የጀመሩት ሥራ በአገሪቱ ሕግ ዘንድ ተቀባይነት ለማግኘት 100 ዓመት ወሰደበት።

ይሁን እንጂ ሕግ ቋንቋውን ቢፈቅድም መጽሐፉን አይጽፈውም። በሌላ አገር ልጅ ኑሮ ላይ የተጻፈ ትምህርት ቃል በቃል ቢተረጐም፣ ቋንቋው የቤት ሆኖ ነገሩ የባዕድ ይሆናል፤ ልጁ ያላየውን በረዶ በእናቱ ቋንቋ ቢያነብ ያው እንግዳ ነው። አስቴር ጋኖ ያደረገችው ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ትምህርቱን የቀዳችው ከሕዝቡ ከራሱ ቃል ነው። ወረዳን የሚያስተዳድር ሹም ትምህርት ቤት ሲከፍት ከጣራውና ከወንበሩ አስቀድሞ፣ ተረቱንና ምሳሌውን የሚያውቁት ሽማግሌዎችና እናቶች እነማን እንደ ሆኑ ቢጠይቅና ቃላቸውን ቢያስጽፍ ብዙ ወጪ አይጠይቀውም። ነጋዴም በገበያው ቋንቋ ካልተናገረ ዕቃው እንደማይሸጥለት ያውቃልና፣ ለዚህ ሥራ ማሳተሚያ ገንዘብ ቢሰጥ በከንቱ አልባከነበትም።

ከምጽዋ ወደብ በባርነት ተጭነው ከሄዱት ልጆች የብዙዎቹ ስም እንኳ አልቀረም። ከዚያ ዕጣ የተረፈችው አንዲት ልጃገረድ ግን የሕዝቧን ቃል በጽሑፍ አስቀምጣ ለልጆቹ መለሰችላቸው።