ስለ ቪም ሰዋስው አጭር ማብራሪያ

ቪም የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ተማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው እንዴት እንደሚጽፍበት ሳይሆን እንዴት እንደሚወጣ ነው። እኛም የደረሰብን ይኸው ነበር፤ ፊደል በመታን ቁጥር በጽሑፍ ፈንታ መስመር ይጠፋል፣ ጠቋሚው ይዘላል። የትእዛዝ ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ ለጥፈን በቃል ለማጥናት ሞከርን፤ አልጠቀመንም። መያዝ ያለበት ሠንጠረዡ ሳይሆን ሰዋስዉ መሆኑን የተረዳነው ዘግይተን ነው።

ቪም ሲከፈት በትእዛዝ ሁኔታ ላይ ይገኛል፤ ይኸውም እያንዳንዱ ፊደል ትእዛዝ ነው ማለት ነው። «አይ» ሲመታ የጽሕፈት ሁኔታ ይጀምራል፤ «ኢስኬፕ» ወደ ትእዛዙ ይመልሳል። ሳያስቀምጡ ለመውጣት ከኢስኬፕ በኋላ ሁለት ነጥብ (የላቲኑ እንጂ የእኛው አይደለም)፣ «ኪው»ና ቃለ አጋኖ ተመትተው «ኢንተር» ይጫናል።

ይህ አሠራር ያለ ምክንያት አልመጣም። የቪም ቀዳሚ የሆነውን ቪአይን ቢል ጆይ በ1976 (እ.ኤ.አ.) በበርክሊ መጻፍ ሲጀምር መስመሩ ዝግተኛ ነበር፤ ማውስም አልነበረውም። ይሠራበት በነበረው ኤዲኤም-3ኤ ተርሚናል ቀስቶቹ የታተሙት በ«ኤች»፣ «ጄ»፣ «ኬ»ና «ኤል» ቁልፎች ላይ ስለ ነበረ፣ እነዚሁ ፊደላት ዛሬም ጠቋሚውን ወደ ግራ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ይወስዳሉ። ኢስኬፕም ዛሬ «ታብ» ባለበት ቦታ ነበር፤ አሁን ጥግ ላይ ተወስዶ ትንሿን ጣት ያደክማል።

ወደ ሰዋስዉ እንመለስ። «ዲ» ማጥፋት፣ «ዋይ» መቅዳት፣ «ሲ» አጥፍቶ መጻፍ የሚሉ ግሦች ናቸው። «ደብልዩ» ቃልን ያመለክታል፤ የዶላር ምልክት እስከ መስመሩ መጨረሻ ማለት ነው። ስለዚህ «ዲ ደብልዩ» አንድ ቃል፣ «ዲ 3 ደብልዩ» ሦስት ቃል ያጠፋል። ግሡ እንደ አማርኛ ከኋላ ሳይሆን ከፊት ይመጣል። አምስት ግሥና ስድስት ስም ያወቀ ሠላሳ ትእዛዝ አለው። ከሁሉ የወደድነው ግን «ሲ»፣ «አይ»ና የጥቅስ ምልክት ተከታትለው ሲመቱ ነው፤ ጥቅሱ ሳይነካ በውስጡ ያለው ብቻ ይጠፋና ለጽሕፈት ይዘጋጃል። ስሕተት ቢሠራ «ዩ» ይመልሰዋል።

በፕሮግራሙ መካከል የአማርኛ ማስታወሻ ለሚጽፍ ሌላ እንቅፋት አለ። ኪቦርዱ በአማርኛ ላይ እንዳለ ኢስኬፕ ተጭኖ «ጄ» ቢመታ፣ ለቪም የሚደርሰው «ጅ» ነው፤ ይህንም አያውቀውም። እኛ ፕሮግራሙ የተበላሸ መስሎን ዘግተን ከፍተናል! መፍትሔው በቪም ውስጥ ያለው «ኪማፕ» ነው፤ የአማርኛ ፊደላትን ሠንጠረዥ አዘጋጅተን ብንሰጠው በጽሕፈት ሁኔታ አማርኛ ያወጣል፤ ትእዛዙ ግን በላቲን እንደ ሆነ ይቆያል።

ለጀማሪ በተርሚናል ላይ «ቪምቱተር» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ትምህርቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል።